አንድ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

ሰው ሁሉ እሳቷ ይላታል። አባቷ ቧንቧ ጠጋኝ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ የማያውቅ፣ በጣም ተናደዱ ከተባለ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው የሚያደርጉ ሰው። ልጃቸው ግን ገና በልጅነቷ የግቢውን በር በእርግጫ ብላ የምትገባ ሆነች። የሰፈሩ ሰው «እሳት አመድ ይወልዳል ሲባል ነበር የምናውቀው፤ እዚህ ቤት ግን አመድ እሳት ወለደ» እያለ ይስቅ ነበር። አድጋም የአባቷን ሥራ ያዘች። ቱታ ለብሳ፣ የጎማ ቦቲ ተጫምታ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ መጠገን ጀመረች። ያኔ ስትቆጣ ትቆጣለች፣ ወዲያው ይበርድላታል፣ ሰውም አይቀየማትም። የማይበርደው ቁጣ የመጣው በኋላ ነው፤ የመጣበትን ምክንያት የሰማ ሰው እሷ ላይ መፍረድ ይከብደዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ብረት ነው። ረጅሙ መፍቻ ይሉታል። ሲያቆሙት የሰው ደረት ድረስ ይመጣል፤ አናቱ ላይ አግድም እጀታ አለው፣ የታችኛው ጫፉ የቫልቭ ራስ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። ትልቁ የውሃ መስመር ሲፈነዳ መንገድ ላይ ያለው የቫልቭ ጉድጓድ ተከፍቶ፣ መፍቻው ቁልቁል ገብቶ፣ ሁለት ሰው እጀታውን ይዞ እየዞረ ካልዘጋ በቀር ውሃውን የሚያቆም ኃይል የለም። ቫልቮቹ ያረጁ ስለሆኑ ሌላ መፍቻ አይገጥማቸውም። የግቢው ብረት በያጅ አንድ ጊዜ አስመስሎ የሠራው በመጀመሪያው ዙር እንደ ገመድ ተጠማዞ ቀርቷል። ስለዚህ የውሃ ሥራው ግቢ ያለው መፍቻ አንድ ብቻ ነው።

በአባቷ ጊዜ መፍቻው የግቢው በር አጠገብ፣ ግንቡ ላይ በተመታ ትልቅ ምስማር ይንጠለጠል ነበር። ማን አወጣው፣ ማን መለሰው የሚል ሰው አልነበረም። «ፈነዳ!» ሲባል ለበሩ የቀረበው ሰው ብድግ አድርጎት ይሮጣል፤ ሾፌሩ መኪናውን ያስነሣል፤ ሲመለሱ ጭቃውን ጠርገው ይሰቅሉታል። ሥራው ይኸው ነበር፣ ሌላ ነገር አልነበረውም።

የአባቷ የልብ ጓደኛ፣ ሥራውን እጇን ይዘው ያስተማሯት ጋሼ፣ አንድ ቀን የሚቆፍሩት ጉድጓድ ተንዶባቸው ወገባቸው ተጎዳ። ከሐኪም ቤት ሲወጡ እንደ በፊቱ ማጎንበስ አልቻሉም። ጠጋኞቹ ይወዷቸው ነበር፤ ከቤት ይዋሉ የሚል ቃል ከማንም አፍ ቢወጣ ይጣሉት ነበር። ተማክረው «መፍቻውን ጋሼ ይጠብቁ» አሉ። ጥሩ ነው። ዕቃ ቤቱ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ተደረገላቸው። ደግሞም፣ ያለ ቁልፍ ጠባቂ ምን ጠባቂ ይባላል ብለው መፍቻውን ከምስማሩ አውርደው ዕቃ ቤት አስገቡት፣ በሩ ላይ የቡጢ ያህል የሚሆን ጓጉንቸር ገዝተው አንጠለጠሉ፣ ቁልፉን ለጋሼ ሰጡ። ጋሼም ቁልፉን በቀበቷቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ጓጉንቸር የሚል ስም ወጣላቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስሙን ከሁሉ በኋላ የሰሙት እሳቸው ነበሩ።

እስከዚህ ድረስ ደግነት ነው። ደግነት ግን እንደ ውሃ ነው፤ የት እንደሚሄድ ካልታየ መሠረት ይበላል።

ጠባቂ ካለ «ስጥ» የሚለው ሰው ያስፈልጋል ተባለ፤ አስተባባሪ ተሾመ። አስተባባሪው በማያውቀው ነገር መወቀስ የማይፈልግ ሰው ነበርና፣ መስመሩ እውነት መፈንዳቱን ሄዶ አይቶ የሚመጣ አረጋጋጭ ይኑረኝ አለ። እስቲ አስቡት፤ ውሃ ሰው ቤት እየገባ ሳለ፣ አንድ ሰው ባዶ እጁን ሄዶ «አዎ፣ እየገባ ነው» ብሎ እንዲመለስ። አረጋጋጩ ደግሞ የሚነግረው አለቃ ያሻዋልና ተቆጣጣሪ መጣ። ተቆጣጣሪው ዘመናዊ ሰው ነው፤ ሁሉንም በስልክ ቡድን ውስጥ አስገባና እያንዳንዱ «ተስማምቻለሁ» ካላለ መኪና እንዳይንቀሳቀስ አደረገ። የሰፈር ሰው ሲደውል ስልኩን የምታነሳው ደግሞ ከግቢው ማዶ ባለው ሕንፃ፣ ላይኛው ፎቅ የምትቀመጥ እንግዳ ተቀባይ ሆነች። እሷ የሰማችውን ለአስተባባሪው ታስተላልፋለች፣ ካገኘችው። ይህ ሁሉ ሳይበቃ በየጠዋቱ ሥራ ለመጀመር ስብሰባ ተጀመረ፤ እዚያም ትናንት ለምን እንደዘገዩ ይወያያሉ።

እሳቷ በነዚያ ስብሰባዎች ስንት ጊዜ ቆሽቷ እንዳረረ እሷ ታውቃለች። አንድ ጠዋት «ይሄ ሁሉ ሰው ለምንድን ነው?» ብትል አስተባባሪው ፈገግ ብሎ፣ «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማሽም?» አላት። ሰዉ ሳቀ። እሷም መልስ አጥታ ተቀመጠች። መልሱ የመጣላት ዘግይቶ ነው፤ እስኪመጣላት ድረስ ደግሞ ብዙ ነገር ጠፋ።

ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ነች። የምትሰፋበት ክፍል ታችኛው ሰፈር፣ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ኪራዩ የሚቻለው ዝቅ ያለው ብቻ ስለሆነ። ትምህርት ሊከፈት ሲል የልጆች ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጨርቅ በጨርቅ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሰሞን አንድ ጠዋት እሳቷ ስብሰባ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ፣ መንገዱ ላይ ያለው ፈንድቷል። ወደኔ እየመጣ ነው።»

እሳቷ ወንበሩን ገልብጣ ወጣች። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጓጉንቸሩ አለ፣ አግዳሚው ላይ ግን ሰው የለም። ጋሼ ለወገባቸው ቀጠሮ ሐኪም ቤት ሄደዋል፤ ቁልፉም ከነቀበቷቸው ሄዷል። ስልካቸው ተዘግቷል። እሳቷ ትልቁን መዶሻ አነሣች።

«አይሆንም፤» አለ አስተባባሪው ከኋላዋ ደርሶ፣ «የመንግሥት ንብረት ነው። ይሰበር ከተባለም ተቆጣጣሪው ይበል።»

ተቆጣጣሪው በስልክ ቡድኑ ላይ ይጻፍ አለ። ተጻፈ። አንዱ ተስማማ፣ አንዱ «አረጋጋጩ አይቶታል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፣ አንዱ ጭራሽ ስልኩን አላየም። በያጁ «ቀስ በቀስ ነው እኮ እንቁላል በእግሩ የሚሄደው» ብሎ ሊያረጋጋት ሞከረ።

«ውሃ እንቁላል አይደለም፤» አለች፣ «ከተወለደ ጀምሮ በእግሩ ነው የሚሄደው።»

እንዲህ አለች እንጂ መዶሻውን አላሳረፈችም። ያን የመሰለ ቁጡ ሰው፣ መዶሻ በእጁ ይዞ፣ ፈቃድ እየጠበቀ ቆመ። ይህን ነው በኋላ ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት።

ጋሼ ተመልሰው ዕቃ ቤቱን ከከፈቱላቸው በኋላ ታችኛው ሰፈር ሲደርሱ፣ ውሃው የፈለገውን ሁሉ አድርጎ ጨርሶ ነበር። የልብስ ስፌት መኪናው ጭቃ ውስጥ እስከ መንኮራኩሩ ተቀብሯል፤ የልጆቹ ደንብ ልብስ በያለበት ተንሳፎ ቀለሙን አንዱ ባንዱ ላይ ለቋል። እህቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም።

«እትዬ፣ ግቢ ውስጥ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«መፍቻውስ ነበረ?»

«ነበረ።»

«መኪናውስ?»

«ነበረ።»

«እንግዲህ ሁሉም ነበረ፤» አለች እህቷ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።» በሩንም ዘጋችባት። ከዚያች ቀን በኋላ አላነጋገረቻትም። መንገድ ላይ ስታያት ታልፋታለች፤ በእናታቸው ቤት ቢገናኙ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጠጋኞቹ አለቃ ጡረታ ወጣ። ቦታውን ማንም አልፈለገውም። ወቀሳ እንጂ ሌላ ጥቅም የሌለው ወንበር ስለነበር ለእሳቷ ተሰጣት። አንዳንዱ ቁጣዋ እዚያ ላይ ይበርዳል ብሎ አስቦ ይሆናል፤ እህቷ የዘጋችው በር በየቀኑ ፊቷ ላይ እንደሚዘጋ አላወቁም።

የመጀመሪያው ጠዋት ሁሉም እንደልማዱ ለስብሰባ ተቀመጠ። እሷ አልተቀመጠችም። አንድ በአንድ እያየቻቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦

«አንተ ዛሬ ብትቀር፣ የፈነዳው ቧንቧ ሳይዘጋ ይቀራል?»

አረጋጋጩ ጣሪያውን አየ። ተቆጣጣሪው ስለ ተጠያቂነት ረጅም ነገር ጀመረ፤ መሐል ላይ ራሱም ጠፋበት። አስተባባሪው ግን አሁንም ፈገግታውን አልተወም።

«አለቃ፣ ነገሩን አታክርሪው። ሃምሳ ሎሚ እኮ...»

«ሃምሳ ሎሚ ቢሆንማ ጥሩ፤» አለችው። «እዚህ ያለው አንድ ሎሚ ነው። አንድ ሎሚ ሃምሳ ሰው ሲሸከመው አይተህ ታውቃለህ? እጅ በእጅ ሲቀባበሉ ይበሰብሳል። እህቴ ቤት የበሰበሰው እሱ ነው።»

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። እሷም ትርፍ የሆነውን መቁረጥ ጀመረች። የጠዋቱ ስብሰባ ቀረ። የስልክ ቡድኑ ተዘጋ፤ ብዙዎቹ ማንም ሳይሰማ እፎይ አሉ። አረጋጋጩ ጥሩ ጉልበት ያለው ሰው ነበርና አካፋ ተሰጥቶት መኪናው ላይ ወጣ፤ ሄዶ ያያል፣ ያየውንም ይጠግናል። አስተባባሪውን የጎደለ ዕቃ የሚያመጣ አደረገችው፤ ሰው ማግባባት ስለሚችልበት ሥራው ተስማማው። ተቆጣጣሪውን አልነካችውም፤ የሚቆጣጠረው ሲያጣ ራሱ ወደ ሌላ ክፍል ዝውውር ጠየቀ። የሰፈር ሰው የሚደውልበት ስልክም ከማዶው ፎቅ ወርዶ የግቢው በር አጠገብ ካለችው ትንሽ ክፍል መስኮት ላይ ተቀመጠ፤ ሲጮህ የቀረበው ሰው ያነሣዋል። አንዳንዴ የቀረበ ሰው ጠፍቶ ዝም ብሎ ይጮህ ነበር፤ ያም ሆኖ ከድሮው ይሻላል።

ጓጉንቸሩ ግን አለ። አግዳሚውም፣ ጋሼም አሉ። ግቢው ሁሉ እሷን እያየ ነው። የሌላውን ሰው ወንበር ስትገለብጥ አንደኛ ነች፤ የአባቷ ጓደኛ ጋ ስትደርስ እግሯ የሚያያዘው ለምንድን ነው? ይህን ፊት ለፊት የጠየቃት የለም፤ እሷ ግን በየቀኑ ራሷን ትጠይቃለች፣ በየቀኑም ትናደዳለች።

አንድ ቀን ጥርሷን ነክሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ መፍቻውን ወደ ቦታው ልመልሰው ነው።»

«ቦታው እዚህ ነው።»

«ቦታው በሩ ላይ ነው። እየሮጥሽ አንሺው፣ እየሮጥሽ መልሺው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ያኔ እኔም እሮጥ ነበር፤» አሉ ጋሼ።

ጋሼ በአውራ ጣታቸው ወገባቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ይሄን ከወሰድሽ ጠዋት ተነሥቼ የምመጣው ወዴት ነው? ማን ልባል ነው?»

እሳቷ መልካም መልስ ነበራት፤ ሌሊቱን ስታዘጋጀው አድራለች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የእህቴ ቤት የሰጠመው በዚህ ቁልፍ ነው።»

የጋሼ ፊት ተለወጠ። «ቁልፉን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤» አሉ። «ለምኛችሁ አላውቅም።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷም ተነሥታ ሄደች። አለቃ ነች፣ ማዘዝ ትችላለች፤ ግን አላዘዘችም። በንዴቷ ላይ ሌላ ንዴት ተጨመረ እንጂ ነገሩ እዚያው ቆመ።

ክረምቱ አልፎ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ፣ አንድ ከሰዓት በመስኮቱ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ያነሣው ሾፌሩ ነበር። ሰምቶ ሳይጨርስ ወደ ግቢው ዞሮ «ታችኛው ሰፈር፣ ትልቁ መስመር!» ብሎ ጮኸ። እሳቷ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠች። አግዳሚው ባዶ ነው። ጋሼ ከምሳ በኋላ ወገባቸውን ለማሳረፍ ቤታቸው ጎን ሊያሉ ሄደዋል፤ ቤታቸው ሩቅ አይደለም፣ ሰው ይላክባቸው ይሆን ሲል አንዱ ጀመረ።

ሳይጨርስ መዶሻው ጓጉንቸሩ ላይ አረፈ። በመጀመሪያው አልተሰበረም። በሁለተኛው ዐይኗን ጨፍና መታችው፤ እህቷን አስባ፣ አስተባባሪውን አስባ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መዶሻ ይዛ የቆመችውን ራሷን አስባ። ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሎ ወደቀ። መፍቻውን ተሸክማ መኪናው ላይ ወጣች።

መኪናው ከግቢው ሲወጣ ጋሼ በሩ ላይ ደረሱ። የሰማ ሰው ነግሯቸው መጥተዋል። በዚያ ወገብ የሚቻለውን ያህል እየፈጠኑ፣ እያነከሱ፣ ቁልፉን በእጃቸው ከፍ አድርገው ይዘውት ነበር። እሳቷ ከመኪናው ላይ ሆና አየቻቸው። ጋሼም መፍቻውን አዩት። መኪናው አልቆመም።

ታችኛው ሰፈር ሲደርሱ ውሃው መንገዱን ይዞ እየወረደ ነው። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ አንዱ የጉድጓዱን ክዳን በዲጂኖ ፈነቀለ፣ አረጋጋጭ የነበረው ሰውዬ ከእሷ ጋር እጀታውን ያዘ፣ ዞሩ፣ ዞሩ። ውሃው ደከመ፣ ከዚያም ቆመ። እሳቷ ቀና ስትል እህቷ በሯ ላይ ሳንቃ ደግፋ፣ ከሳንቃው ሥር ጨርቅ ጠቅጥቃ ቆማለች። ውሃው ሳንቃውን ነክቶ ተመልሷል። ከኋላዋ ደንብ ልብሶቹ ጠረጴዛ ላይ ተቆልለው ይታያሉ፤ ደረቅ ናቸው።

እህቷ እጀታውን፣ ጭቃውን፣ የእሷን ፊት ተራ በተራ አየች።

«ዛሬስ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«እንደሱ ነው፤» አለች እህቷ። ሳንቃውን አነሣችና «ግቢ፣ እግርሽን ታጠቢ» አለቻት።

ወደ ግቢው ሲመለሱ አግዳሚው ላይ ቁልፉ ብቻውን ተቀምጦ አገኙት። ጋሼ ሄደዋል። በማግስቱም አልመጡም፤ ከዚያም ወዲያ አልመጡም። እሳቷ በሩ አጠገብ ባለው ግንብ፣ የድሮው ምስማር በነበረበት ቀዳዳ ላይ አዲስ ምስማር መታች፤ መፍቻውን ሰቀለችበት። ሥራው ቀለለ። ጥሪ ሲመጣ ይወጣሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይመለሳሉ፤ ከሰዓት ቁጭ ብለው የሚሳሳቁበት ጊዜ ሁሉ ተረፋቸው። እህቷም አዲስ ቱታ ሰፍታ ላከችላት፤ ከኪሱ ላይ ትንሽ እሳት ጠልፋበታለች።

ጋሼ ጋ ግን አልሄደችም። ይምጡ እንጂ፣ ማን ከለከላቸው፣ ትላለች። በሌላ ቀን ደግሞ ምን ብዬ እሄዳለሁ ትላለች። ጠጋኞቹ ባዶውን አግዳሚ ያያሉ፣ ከዚያ እሷን ያያሉ፣ ምንም አይሉም። ምንም አለማለታቸው ይበልጥ ያናድዳታል። እነሱም የተቆጣችባቸው እየመሰላቸው ይሁን እሷንም እንደ ጋሼ እንዳያጡ ፈርተው ይሁን፣ የሚያስደስታትን መፈለግ ጀመሩ።

አንድ ጠዋት ስትገባ ሁሉም በሩ አጠገብ ተሰልፈው ጠበቋት። በያጁ ከፊት ነው፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። ምስማሩ ላይ መፍቻው አይታይም። በእሱ ፈንታ ከግንቡ ጋር የተገጠመ፣ የተበየደ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ረጅም የብረት ሳጥን ቆሟል። ጫፉ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«ሌባ እንዳይነካው ብለን ነው፣ አለቃ፤» አለ በያጁ። በቀይ ጥብጣብ የታሰረ ቁልፍ አወጣ። «ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን ብለን ተስማምተናል። ለሌላ ሰው አንሰጠውም። ክብርሽ ነው።»

አስተባባሪ የነበረው አጨበጨበ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። ጥብጣቡን ከዕቃ ጋር ያመጣው እሱ ነበር።

እሳቷ ቁልፉን ተቀበለች። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ደስ አላት። ብረቱ እጇ ውስጥ ሞቅ ያለ ነበር፣ በያጁ ይዞት ስለቆየ። እነዚህ ሰዎች ቀለም ቀብተው፣ ጥብጣብ አስረው፣ እሷን ብለው ነው። እጇ ማንም ሳያዘው ቁልፉን ይዞ ወደ ቀበቶዋ ሄደ። ቀበቶዋ ላይ ሊያስር ሲል ነው የራሷን አውራ ጣት ያየችው፤ ቁልፉን ዳሰስ ዳሰስ እያደረገ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጮኸችው ጩኸት በማዶው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ተሰምቷል ይባላል። ምን እንዳለች በደንብ የያዘ የለም፤ በመሐሉ «አልገባችሁም?» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ነበረበት። በያጁ አንገቱን ደፋ። አንጀቷን በላት፤ መቆጣቷን ግን አላቆመችም። ቁልፉን ጨብጣ ከግቢው ወጣች።

ጋሼ በቤታቸው ደጃፍ፣ ትራስ ወገባቸው ላይ ደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋት አልተነሡም፣ ሂጂም አላሉ። እሳቷ ሰላምታ ሳትሰጥ ቁልፉን ከነጥብጣቡ ጉልበታቸው ላይ ጣለችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የጓጉንቸር ቁልፍ ነው። መፍቻውን ሳጥን ሠርተው ቆልፈውበታል።»

«ማን?»

«ልጆቹ።»

«ለምን?»

«ስለሚወዱኝ ነዋ፤» አለች።

ጋሼ ቁልፉን አነሡ፣ ጥብጣቡን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። ሳቅ ነበር፤ ወገባቸውን እያሳመማቸው፣ በእጃቸው ደግፈውት ይስቃሉ።

«እኔንም እንዲሁ ነበር የወደዱኝ፤» አሉ።

እሳቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ጋሼ ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ያን ቀን ቁልፉን ለሰው ሰጥቼ መሄድ ነበረብኝ፤ የእህትሽ ቀን» አሉ። «አስቤዋለሁም። ወገቤ ላይ ሲሆን ግን ደስ ይለኝ ነበር። ሰው መሆኔን ይነግረኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔንም ዛሬ ጠዋት ደስ ብሎኛል።»

«ይቅር በይኝ።»

«እርስዎም፣ ጋሼ። መኪናውን ማስቆም ነበረብኝ።»

«እንዳታስቆሚው፤» አሉ ጋሼ ቆጣ ብለው። «መቼም እንዳታስቆሚው።»

ያኔ ነው ሌሊቱን አዘጋጅታ የነበረችው መልስ ከስንት ጊዜ በኋላ የወጣላት። «በሩ ላይ ያለው ስልክ አንዳንዴ የሚያነሣው ያጣል፤» አለች። «እርስዎ ቢቀመጡበት ብዬ ነው። ቁልፍ የለውም። ቀጠሮ ሲኖርዎ ይሂዱ፣ ሲያምዎ ይተኙ፣ ያገኘ ሰው ያነሣዋል። እርስዎ ባይኖሩ ሥራው አይቆምም። ሲኖሩ ግን ይሻላል።»

ጋሼ ቃሉን በአፋቸው አኘኩት። ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ብሏቸው አያውቅም፤ ሁሉም የሚነግራቸው ያለሳቸው ግቢው እንደማይንቀሳቀስ ነበር፣ እሳቸውም አምነው ነበር።

«ሳጥኑ ከብረት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ከብረት ነው። በያጁ ነው የሠራው፤ አሳምሮታል።»

«መዶሻውስ የት አለ?»

«ዕቃ ቤት። በሩ አይቆለፍም አሁን።»

ጋሼ ቁልፉን ወደ እሷ መልሰው ዘረጉት፤ ከዚያ ሐሳባቸውን ለውጠው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ጫማዬን አቀብይኝ፤» አሉ፣ «ይሄኛውን ጓጉንቸር እኔ ነኝ የምሰብረው።»